የመንግስት ሠራተኛውና የግል ማህበሩ፤ ከሥራ ሳይለቁ ኩባንያ ማቋቋም ምን ይጠይቃል?

በመንግስት መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ሰው ከወር ደመወዙ በቆጠበው ገንዘብ አነስተኛ ኩባንያ ለማቋቋም ሲያስብ ከካፒታሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ የሕግ ጥያቄ ነው። ሥራውን ሳይለቅ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር አባል መሆን ይችላልን? የማህበሩ ሥራ አስኪያጅ መሆንስ? ማህበሩ እርሱ ከሚያገለግልበት መሥሪያ ቤት ጋር ውል ቢፈጽምስ ምን ይከተላል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው ምላሽ በአንድ አዋጅ ውስጥ ተጠቃሎ አይገኝም። የንግድ ሕጉ፣ የመንግስት ሠራተኞች አዋጅ፣ የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ፣ የመንግስት ግዥ አዋጅ፣ የገቢ ግብር አዋጅና የሙስና ወንጀሎች አዋጅ እያንዳንዳቸው የየድርሻቸውን ይደነግጋሉ። ሕጎቹን አንድ ላይ አገናዝቦ ያልተመለከተ ሠራተኛ ከሁለት ስህተቶች በአንዱ ሊወድቅ ይችላል። የመጀመሪያው ሕግ የማይከለክለውን ሥራ በፍርሃት መተው ሲሆን ሁለተኛውና የከፋው ደግሞ ማህበሩን በዘመድ ስም አስመዝግቦ በስውር መምራት ነው።

ማህበሩ በሕግ ዓይን

በኢትዮጵያ ከ1952 ዓ.ም ጀምሮ ለስድሳ ዓመታት ያህል በሥራ ላይ የቆየው የንግድ ሕግ የንግድ ማህበራትን የተመለከተው ክፍል በ2013 ዓ.ም በወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 መተካቱ ይታወቃል። በቀድሞው ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት አባላት ያስፈልጉ ነበር። በዚህም ምክንያት ብቻውን መሥራት የሚፈልግ ሰው የትዳር ጓደኛውን ወይም ወንድሙን ለስም ያህል አባል ማድረጉ የተለመደ ነበር።

አዲሱ ሕግ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበርን በመፍቀዱ ይህ ችግር ተቃልሏል። ለሁለቱም ዓይነት ማህበራት የተወሰነው ዝቅተኛ ካፒታል 15,000 ብር ነው። ከአንድ በላይ አባላት ያሉት የግል ማህበር የአባላት ቁጥር ከ50 ሊበልጥ አይችልም። ባለ አንድ አባል ማህበር የሚያቋቁም ሰው ደግሞ ሞት ወይም የችሎታ ማጣት ቢያጋጥመው ማህበሩን ተረክቦ የሚያስተዳድር ተጠሪ ሰው አስቀድሞ መሰየም ይጠበቅበታል።

የዚህ ዓይነቱ ማህበር ዋነኛ ጠቀሜታ የራሱ የሕግ ሰውነት ያለው መሆኑ ነው። ማህበሩ በራሱ ስም ይዋዋላል፣ ንብረት ያፈራል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። አባሉ ለማህበሩ ዕዳ የሚጠየቀው ባዋጣው መጠን ብቻ ነው። ከዚህ የተነሳ በደመወዙ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ንግዱ ቢከስር የመኖሪያ ቤቱንና የግል ቁጠባውን ከአደጋ ያርቃል።

ይሁንና ከለላው ያለ ገደብ የተሰጠ አይደለም። የማህበሩን ገንዘብ ከግል ገንዘቡ ጋር የቀላቀለ፣ ማህበሩን ሌሎችን ለማታለያ የተጠቀመበት አባል የተወሰነ ኃላፊነቱን ሊያጣ ይችላል። ባንኮች ለአነስተኛ ማህበር ብድር ሲሰጡ አባሉ በግሉ ዋስ እንዲሆን የሚጠይቁበት ጊዜም አለ። በዚህ ጊዜ አባሉ በማህበሩ በኩል ያገኘውን ከለላ በዋስትናው በኩል መልሶ ያስረክባል ማለት ነው።

አባል መሆንና ሥራ አስኪያጅ መሆን

ጉዳዩን በቅጡ ለመረዳት ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አባልነት የሀብት ባለቤትነት ነው። አባሉ መዋጮውን ይከፍላል፣ በስብሰባ ድምፅ ይሰጣል፣ ትርፍ ሲኖር ድርሻውን ይቀበላል። ሥራ አስኪያጅነት ግን የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ሥራ አስኪያጁ ውል ይፈርማል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ የባንክ ሒሳብ ያንቀሳቅሳል፣ ግብር ያሳውቃል፣ ጥፋት ሲገኝም በግሉ ተጠያቂ ይሆናል።

የሕገ መንግስቱ አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ክልል ውስጥ በመረጠው የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ የመሰማራትና ለመተዳደሪያው የመረጠውን ሥራ የመሥራት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 40 ደግሞ የግል ንብረት ባለቤትነትን ያረጋግጣል። የመንግስት ሠራተኛም እንደማንኛውም ዜጋ የእነዚህ መብቶች ተጠቃሚ ነው። በርካታ ሠራተኞች በባንክና በኢንሹራንስ አክሲዮን ማህበራት ውስጥ ባለ አክሲዮን ሆነው ከመደበኛ ሥራቸው ጋር ሳይጋጭባቸው የሚኖሩት ባለቤትነታቸው ጊዜያቸውንም ሆነ ሥልጣናቸውን ስለማይሻማ ነው።

የሥራ አስኪያጅነት ጉዳይ ግን ይለያል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር አባል ያልሆነ ሰው በሥራ አስኪያጅነት መሾም ይችላል። ስለሆነም ከመንግስት ሥራው ያልለቀቀ ሰው ማህበር ሲያቋቁም የአባልነቱን ድርሻ ይዞ አስተዳደሩን ሙሉ ጊዜውን ለሚሰጥ ሰው በግልጽ ሹመት ማስተላለፍ የሚችልበት መንገድ በሕጉ አለ ማለት ነው። ሹመቱ በመመሥረቻ ጽሑፉ ወይም በአባላት ውሳኔ ተጽፎ መመዝገቡ የማን ኃላፊነት የት ላይ እንደሚያበቃ በግልጽ ያሳያል።

የመንግስት ሠራተኛው ግዴታ

በ2010 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል መንግስት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ማንኛውም የመንግስት ሠራተኛ ሙሉ ጉልበቱንና ችሎታውን ለህዝብ አገልግሎት የማዋል ግዴታ እንዳለበት ደንግጎ ነበር። መደበኛው የሥራ ሰዓትም በሳምንት ከ39 ሰዓት እንደማይበልጥ አስቀምጧል። ይህ አዋጅ በ2017 ዓ.ም በጸደቀ አዲስ አዋጅ የተተካ በመሆኑ ሠራተኛው ከመወሰኑ በፊት አዲሱን አዋጅና እርሱን ተከትለው የሚወጡ ደንቦችንና መመሪያዎችን መመልከት ይኖርበታል።

አንድ አዋጅ ለሁሉም ተቀጣሪ እንደማይሠራም መገንዘብ ያሻል። ዳኞች፣ ዓቃብያነ ሕግ፣ የመከላከያና የፖሊስ አባላት በየራሳቸው ሕግ ይተዳደራሉ። የክልል መንግስታት ሠራተኞች የየክልላቸው የመንግስት ሠራተኞች አዋጅ አላቸው። የመንግስት የልማት ድርጅቶች ሠራተኞች ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ በድርጅታቸው የኅብረት ስምምነትና በሥራ ውላቸው ይመራሉ። በአንዱ መሥሪያ ቤት የተፈቀደው በሌላው ሊከለከል ስለሚችል የባልደረባን ምክር ብቻ ይዞ መነሳት አስተማማኝ አይደለም።

አስተማማኙ መንገድ በመሥሪያ ቤቱ የሰው ኃይል አስተዳደር ወይም የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል በኩል በጽሑፍ መጠየቅ ነው። በጥያቄው ውስጥ የማህበሩ የሥራ ዘርፍ፣ የሠራተኛው ድርሻና የሚኖረው ኃላፊነት መገለጽ ይኖርበታል። በጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ በግል ማህደር ውስጥ ሲቀመጥ ሠራተኛውንም አለቃውንም ይጠብቃል። ኃላፊው በቃል "ችግር የለውም" ያለው ጉዳይ ኃላፊው በተቀየረ ማግስት ማስረጃ የሌለው ጉዳይ ይሆናል።

በተግባር አብዛኛውን ጊዜ የዲሲፕሊን ጉዳይ የሚያስነሳው አባልነቱ ራሱ ሳይሆን ከአባልነቱ ጋር ተያይዞ የሚመጣው አሠራር ነው። በሥራ ሰዓት የማህበሩን ደንበኛ ማነጋገር፣ በመሥሪያ ቤቱ ተሽከርካሪ የማህበሩን ዕቃ ማመላለስ፣ በመሥሪያ ቤቱ ወረቀትና ማተሚያ የጨረታ ሰነድ ማዘጋጀት፣ ባለጉዳይን "ነገ ተመለስ" ብሎ ለግል ጉዳይ መውጣት ሁሉም ጥፋቶች ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 1064/2010 ከተዘረዘሩት የዲሲፕሊን ቅጣቶች መካከል ማስጠንቀቂያ፣ ከደመወዝ የሚቆረጥ መቀጮ፣ ከደረጃ ዝቅ ማድረግና ከሥራ ማሰናበት ይገኙበት ነበር። "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" የሚለው ብሂል የሚያስታውሰውም ይህንኑ ነው።

የጥቅም ግጭት የት ይጀምራል?

ከሥራ ሰዓት ይልቅ ከባዱ ጉዳይ የጥቅም ግጭት ነው። የጥቅም ግጭት ማለት የሠራተኛው የግል ጥቅም በመንግስት ሥራው ላይ የሚሰጠውን ውሳኔ ሊያዛባ የሚችልበት ሁኔታ መፈጠሩ ነው። ግጭት አለ ለማለት ሠራተኛው የግድ ገንዘብ መውሰድ አይጠበቅበትም፤ ሁኔታው መኖሩ ብቻ የማሳወቅና ራስን ከውሳኔው የማግለል ግዴታን ያስከትላል።

ለአብነት በአንድ መሥሪያ ቤት የግዥ ክፍል የሚሠራ ባለሙያ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የጽሕፈት መሣሪያ አቅራቢ ማህበር ቢያቋቁም ማህበሩ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል። ማህበሩ ባለሙያው ራሱ በሚገመግመው ጨረታ ላይ ሰነድ ያስገባ ዕለት ግን ጉዳዩ መልኩን ይቀይራል። ዋጋው ዝቅተኛ፣ ዕቃው ጥራት ያለው ቢሆን እንኳ ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች በእኩል ዓይን አልታዩም። ባለሙያው የተፎካካሪዎችን ዋጋና የመሥሪያ ቤቱን የዋጋ ግምት አስቀድሞ የማወቅ ዕድል ነበረው።

በተመሳሳይ ሁኔታ የብቃት ማረጋገጫ በሚሰጥ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ማህበሩ በዚያው ዘርፍ ማረጋገጫ ጠያቂ ቢሆን፣ የግብር ኦዲተር የሆነ ሰው ለግብር ከፋዮች ሒሳብ የሚሠራ ማህበር ቢኖረው፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጥ መሐንዲስ በዚያው ክፍለ ከተማ ዲዛይን የሚሠራ ማህበር ቢያቋቁም ሚዛኑ ይዛባል። ባለጉዳዩ ፈቃዱን ለማግኘት ወደ መሐንዲሱ ማህበር መሄድ እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ይረዳል።

የመንግስት ግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 በግዥ ሥራ የሚሳተፉ ሠራተኞች የጥቅም ግጭት ሲያጋጥማቸው እንዲያሳውቁና ከሂደቱ እንዲገለሉ ይደነግግ ነበር። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም በአዲስ አዋጅ ቢተካም መርሁ ግን የግዥ ሥራ መሠረት ሆኖ የሚቀጥል ነው። በ2007 ዓ.ም የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ደግሞ በሥልጣን አላግባብ መገልገልን፣ የመንግስትን ሥራ በማያመች አኳኋን መምራትንና ምንጩ ያልታወቀ ንብረት ይዞ መገኘትን በወንጀልነት ፈርጇል። በመሆኑም በዲሲፕሊን ኮሚቴ የተጀመረ ጉዳይ በፍርድ ቤት ሊያበቃ ይችላል።

ከዚህ አኳያ ሠራተኛው ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አንድ ነው፤ ማህበሩ ገንዘብ የሚያገኘው እኔ ከማውቀው የሙያ ዘርፍ ነው ወይስ እኔ ከያዝኩት ወንበር? ወንበሩ ቢነሳ ደንበኛ የማይኖረው ማህበር ከጅምሩ ችግር ያለበት ነው።

በዘመድ ስም የማስመዝገብ አደጋ

ግጭቱን ለማምለጥ አንዳንዶች የሚመርጡት መንገድ ማህበሩን በትዳር ጓደኛ፣ በወንድም ወይም በአማች ስም ማስመዝገብ ነው። ይህ አካሄድ በሁለት በኩል ያስጠይቃል።

አንደኛው የንብረት መብት ጉዳይ ነው። በንግድ መዝገብ ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው በሦስተኛ ወገኖች ዘንድ ባለቤት እርሱ ነው። ይህ ሰው ቢሞት ድርሻው ለወራሾቹ ይተላለፋል። ትዳሩ ቢፈርስ በክፍፍሉ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ዕዳ ቢኖርበት ባለ ገንዘቦቹ በድርሻው ላይ ፍርድ ሊያስፈጽሙበት ይችላሉ። ካፒታሉን ያወጣው ሠራተኛ ደግሞ "ገንዘቡ የእኔ ነበር" ብሎ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ለምን በስሙ እንዳላስመዘገበ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ራሱን የሚከስ መልስ ይሆናል። በቅን ልብ የተጀመረ የቤተሰብ መተማመን በዚህ መንገድ ወደ ክርክር የሚያመራበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም።

ሁለተኛው የተጠያቂነት ጉዳይ ነው። በ1992 ዓ.ም በወጣውና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተፈጻሚ በሆነው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመናቸው በግል ጥረታቸው የሚያፈሩት ሀብት የጋራ ነው። ንብረቱ በአንዳቸው ስም ብቻ መመዝገቡ የጋራ ከመሆን አያስቀረውም። ስለሆነም በትዳር ጓደኛ ስም የተከፈተ ማህበር ከሠራተኛው ጥቅም ተለይቶ አይታይም። ሥራው ንጹሕ ከሆነ መደበቁ አላስፈላጊ ነው፤ ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ መደበቁ ጥፋቱን ያከብደዋል።

ሀብትን የማስመዝገብ ግዴታ

በ2002 ዓ.ም የወጣው የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668 ተሿሚዎች፣ ተመራጮችና በአዋጁ የተለዩ የመንግስት ሠራተኞች የራሳቸውንና የቤተሰባቸውን ሀብት እንዲሁም የገቢ ምንጭ እንዲያስመዘግቡ ያስገድዳል። ቤተሰብ የሚለው ቃል የትዳር ጓደኛንና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ያካትታል። ምዝገባውም በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል።

በግል ማህበር ውስጥ ያለ ድርሻ ሀብት ነው፤ ከድርሻው የሚገኝ ትርፍም የገቢ ምንጭ ነው። በመሆኑም አዋጁ የሚመለከተው ሠራተኛ ማህበሩን ካቋቋመ በኋላ በሚያደርገው ምዝገባ ይህንን ሊያካትት ይገባል። ምዝገባው ሠራተኛውን ለመክሰስ የተዘጋጀ ወጥመድ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ከዓመታት በኋላ ቤት የሠራ ወይም ተሽከርካሪ የገዛ ሠራተኛ "ከየት አመጣው?" የሚል ጥያቄ ሲነሳበት በወቅቱ የተመዘገበ ድርሻና ግብር የተከፈለበት ትርፍ ከሁሉ የበለጠ መከላከያው ይሆናል። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውን ጎጂ አባባል ከሥሩ ለመንቀል የሚያስችለውም ሠርቶ ማግኘትን በግልጽ ማሳየት ሲቻል ነው።

ግብርና የሒሳብ መዝገብ

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ገቢን በሠንጠረዦች ይከፋፍላል። ደመወዝ በሠንጠረዥ "ሀ"፣ የኪራይ ገቢ በሠንጠረዥ "ለ"፣ የንግድ ሥራ ገቢ ደግሞ በሠንጠረዥ "ሐ" ሥር ይወድቃል። ማህበሩ ከአባሉ የተለየ ግብር ከፋይ በመሆኑ ማህበሩ የደረሰበት ኪሳራ ከሠራተኛው የደመወዝ ግብር ላይ ሊቀነስ አይችልም።

አዋጁ በድርጅቶች የንግድ ሥራ ገቢ ላይ የጣለው ግብር 30 በመቶ ነው። አንድ ማህበር በዓመቱ 400,000 ብር ግብር የሚከፈልበት ትርፍ ቢያገኝ 120,000 ብር ለመንግስት ይከፍላል፣ 280,000 ብር ይቀረዋል። ይህ የቀረው ገንዘብ የማህበሩ እንጂ የአባሉ አይደለም። ለአባላት በትርፍ ድርሻነት ሲከፋፈል በድርሻው ላይ ራሱን የቻለ ግብር ተቀንሶ ይከፈላል። ከካዝናው ያለ ውሳኔ ገንዘብ አንስቶ ለቤት ወጪ ማዋል የግብር ጥያቄን ከማስነሳቱም በላይ ከላይ የተጠቀሰውን የተወሰነ ኃላፊነት ከለላ አደጋ ላይ ይጥላል።

ድርጅቶች የገቢያቸው መጠን አነስተኛም ቢሆን በደረጃ "ሀ" ግብር ከፋይነት ይመደባሉ። ይህም ማለት 15,000 ብር ካፒታል ያለው ማህበርም የተሟላ የሒሳብ መዝገብ መያዝ፣ የግብር ዓመቱ በተጠናቀቀ በአራት ወራት ውስጥ ግብሩን ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ሥራ ባይሠራም የማሳወቅ ግዴታው አይቀርም። ማህበሩን አስመዝግቦ ለሁለት ዓመት ያህል ዘንግቶ የቆየ ሰው ከገቢው ይልቅ ቅጣቱ በዝቶ ሊያገኘው ይችላል። ስለሆነም የሒሳብ ባለሙያ ክፍያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በወጪ ዕቅድ ውስጥ መካተት አለበት።

ከውሳኔ እስከ ምዝገባ

ማህበር ለማቋቋም የወሰነ ሠራተኛ ሥራውን በቅደም ተከተል ማከናወኑ ድካምን ይቀንስለታል። በቅድሚያ የመሥሪያ ቤቱን ሕግና መመሪያ መመልከትና የጽሑፍ ምላሽ ማግኘት ይገባዋል። ቀጥሎ ከያዘው የሥራ መደብ ጋር የማይጋጭ ዘርፍ ይመርጣል። ባለትዳር ከሆነ መዋጮው ከጋራ ሀብት የሚወጣ በመሆኑ ከትዳር ጓደኛው ጋር ይስማማል።

ከዚያም የማህበሩን ስያሜ ከመዝጋቢው አካል ጋር ያጣራል፣ የመመሥረቻ ጽሑፍ ያዘጋጃል፣ ሰነዱን ሥልጣን ባለው አካል ያረጋግጣል። የማህበሩን ካፒታል ሙሉ በሙሉ ከፍሎ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያገኛል፣ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 እና በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1150/2011 መሠረት ይመዘገባል። ማህበሩ የሕግ ሰውነት የሚያገኘው በንግድ መዝገብ ሲመዘገብ ነው። ምዝገባና የንግድ ሥራ ፈቃድ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የተመዘገበ ማህበር ፈቃድ ሳያገኝ ሥራ መጀመር አይችልም። ዘርፉ የብቃት ማረጋገጫ የሚጠይቅ ከሆነም እርሱን አስቀድሞ ማሟላት ያስፈልጋል።

መመሥረቻ ጽሑፉን ከሌላ ሰው ቀድቶ ከመፈረም መቆጠብም ተገቢ ነው። ሠራተኛው ወደ ሌላ የሥራ መደብ ቢዛወር ወይም ቢሾምና ማህበሩ ከአዲሱ ኃላፊነቱ ጋር የሚጋጭ ቢሆን ድርሻውን ለማን፣ በምን ዋጋ፣ በምን ሁኔታ እንደሚያስተላልፍ በጽሑፉ ውስጥ አስቀድሞ መቀመጡ በኋላ ከሚፈጠር ውዝግብ ያድናል። የጥቅም ግጭት ማህበሩ በተቋቋመበት ዕለት ባይኖርም በሹመት ደብዳቤ ሊመጣ ይችላልና።

የኃላፊዎች ድርሻ

ጉዳዩ ሠራተኛውን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ጥያቄ ለሚያቀርብ ሠራተኛ በጥርጣሬ የሚመለከት አለቃ ቀጣዩ ሠራተኛ ሳይጠይቅ እንዲያደርገው ያበረታታል። ያለ ማጣራት የሚፈቅድ አለቃ ደግሞ የተገልጋዩን እምነት ያሳጣል። መሥሪያ ቤቶች በየትኞቹ የሥራ መደቦች ላይ የተመደበ ሠራተኛ በየትኞቹ ዘርፎች መሳተፍ እንደሌለበት ለይተው በጽሑፍ ቢያሳውቁ፣ ለቀረበላቸው ጥያቄም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምላሽ ቢሰጡ ሁለቱንም ችግር መቀነስ ይቻላል።

የሕገ መንግስቱ አንቀጽ 12 የመንግስት አሠራር ለህዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ያስገነዝባል። ሠራተኛው ከሥራ ሰዓቱ ውጪ፣ በገዛ ገንዘቡ፣ በገዛ ስሙ፣ ከያዘው ወንበር በራቀ ዘርፍ ማህበር አቋቁሞ ግብሩን ቢከፍል ለራሱ ገቢ፣ ለሌላው የሥራ ዕድል፣ ለመንግስትም ገቢ ያስገኛል። በአንጻሩ ተመሳሳይ ማህበር በዘመድ ስም ተመዝግቦ ከመሥሪያ ቤቱ ጨረታ የሚኖር ከሆነ ሠራተኛው የዓመታት አገልግሎቱንና መልካም ስሙን፣ ቤተሰቡ ደግሞ ያጠራቀመውን ጥሪት ሊያጣ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሚወሰነው ከምዝገባው በፊት በተጠየቀውና በጽሑፍ በተመለሰው ጥያቄ ነው።